«ጥሪዬ አልተገለጠልኝም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የፋርማሲያችን መስታወት ላይ ተደግፎ ቆመ። ከኋላው አንዲት እናት ኢንሱሊን ሊወስዱ ተራ ይጠብቃሉ። የድሬዳዋን ሙቀት ስለሚያውቁ በረዶ የያዘ ፔርሙዝ ይዘው ነው የመጡት። (በረዶው መድኃኒቱን እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልሉት። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም።) ልጁ ግን ምንም አልቸኮለም። «መምህርት፣ ጥሪዬን እንዴት ነው የማውቀው?» አለኝ።

አቦ! በዚህ ሰዓት?

ቀን ቀን ሳቢያን አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። 16 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ልጆቹ ይቀያየራሉ፣ የሚሉት ነገር ግን አይቀየርም። እናትየውን ሸኝቼ ለልጁ የመለስኩለትን፣ ደግሞም ቸኩዬ ያልነገርኩትን፣ እዚህ ልጻፈው።

«መንፈሳዊ ሰው አይስቅም።» ይስቃል። ቀጥሎ።

«መንፈሳዊ የሆነ ሰው ስለ ገንዘብ አያስብም።» የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ሌላ ሰው ስላለ ነው።

«ማንነቴን ገና እየፈለግኩ ነው።» ይሄንን የሚሉኝ አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ማዕተብ አለ። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ስም ወጥቶላቸዋል። አንድ ቅዳሜ ወረቀት አደልኩና «የክርስትና ስማችሁን ጻፉ» አልኳቸው። ስምንት የሚሆኑት ስልክ አውጥተው እናታቸው ጋ ደወሉ። አንዷ እናቷም ጠፍቷት አያቷ ጋ ተደወለ። የሳቅነው ሳቅ!

ከዚያ ስሞቹን አነበብናቸው። ወልደ ገብርኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አገልጋይ። አንዱም ስም ምን እንደምትሠራ አይናገርም። የማን እንደሆንክ ነው የሚናገረው። ሥራ ሲጠፋ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣ ሲቀር፣ እጮኛ ስትሄድ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መፍረስ የሚመጣው ስሙን ከሥራ ጋር ስናምታታው ነው። ጠባይህን፣ ችሎታህን፣ የምትወደውን ነገር ዕድሜ ልክህን ስትማረው ትኖራለህ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የማን ነህ የሚለው ግን አንተ ጡት እየጠባህ ተመልሷል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ።

«ጥሪዬ እስኪገለጥልኝ እየጠበቅኩ ነው።»

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ። እናቴ ዛሬም «ጥሪ አለብኝ» ስትል የሰርግ ካርድ መጥቷል ማለቷ ነው። ልጆቹ ቃሉን የሚለቅሙት ስልክ ላይ ከሚያዩት ስብከት ነው። በቃሉ ጠብ የለኝም። የምጣላው ከተለጠፈበት ሐሳብ ጋር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስጢራዊ ዕቅድ በፖስታ አሽጎ አስቀምጧል፣ ፖስታው እስኪከፈት ምንም ነገር መጀመር አያስፈልግም።

ማስረጃ ሲባሉ ሁሉም የሚያመጡት ጥቅስ ኤርምያስ 29፥11ን ነው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን። የስልክ ሽፋን ላይ አለ፣ ባጃጅ መስታወት ላይ አለ፣ የምረቃ ኬክ ላይም አይቼዋለሁ። ከፍ ብሎ ያለውን ግን ማንም አያነበውም። ደብዳቤው የተጻፈው ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች ነው። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። ሰባ! ደብዳቤውን በጆሮው ከሰማው ትልቅ ሰው ስንቱ ነው አገሩን የሚያየው? እስከዚያ ምን አድርጉ ተባሉ? ቁጥር 5 ላይ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውንም ብሉ ይላል። ቁጥር 6 ላይ አግቡ፣ ውለዱ። ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላት። ኬኩ ላይ «አትክልት ትከሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ኤልሳዕ ሲጠራ በ12 ጥማድ በሬ እያረሰ ነበር። ዳዊት ከበጎቹ ኋላ ነበር። ጴጥሮስ መረብ ላይ፣ ማቴዎስ ቀረጥ መቀበያው ላይ። ሳኦል የጠፉ አህዮች ፍለጋ ወጥቶ ነው ሳሙኤልን ያገኘው። ቤቱ ተጋድሞ እየጠበቀ የተጠራ ሰው እስኪ ፈልጉልኝ። «ሳሙኤል ተኝቶ ነበር» የምትሉኝ ልጆች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ሌሊት ስለነበር ነው! ደግሞ ሳሙኤል ድምፁን በጆሮው ሰምቶም አልለየውም። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ዔሊ ጋ ሮጠ። ማን እንደጠራው ያወቀው ሽማግሌው ሲነግሩት ነው። እናንተ ግን ንስሐ አባታችሁን ካያችሁ ስንት ወር ሆናችሁ?

የዳዊት ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ሳሙኤል በወንድሞቹ ፊት ቀባው፣ ንጉሥ ትሆናለህ ተባለ። ከዚያስ? ሳኦል እሴይ ጋ መልእክት ሲልክ «ከበጎች ጋር ያለውን ልጅህን» ነው ያለው። ተቀብቶ ወደ በጎቹ ተመልሷል ማለት ነው። ዘይቱ ፀጉሩ ላይ ሳይደርቅ።

ሁለተኛው ችግር «ጥሪ» ሲሉ መቅደስና ዐውደ ምሕረት ብቻ መታየቱ ነው። ዘማሪ፣ ሰባኪ፣ ዲያቆን፣ አለቀ። ዘጸአት 31 ላይ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለለት ባስልኤል ሰባኪ አልነበረም። ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለሙያ ነበር። መንፈሱ የተሰጠው ለእጅ ሥራው ነው።

አባቴ ሽመንደፈር፣ ማለትም ባቡሩ ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲመጣ እጁን በኦሞና በአሸዋ አሽቶ ይታጠባል፣ ጥቁሩ ግን ከጥፍሩ ሥር አይወጣም። ከዚያ ዳዊቱን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ያ ዳዊት ዛሬ እኔ ጋ ነው። የእያንዳንዱ ገጽ ታችኛው ጥግ ጠቁሯል፤ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ግሪሱና ጸሎቱ አንድ እጅ ላይ ነበሩ። አባዬ ስለ ጥሪ ሲያወራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ከዚህ በሽታ ነፃ አልነበርኩም። 12ኛ ስጨርስ «እግዚአብሔር የፈጠረኝ ሐኪም እንድሆን ነው» ብዬ ነበር። ነጥቡ አልመጣም። ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ አልኩ። ሲጠይቁኝ «በጸሎት ላይ ነኝ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ከጸሎቱ ይልቅ እንቅልፉ ይበዛ ነበር። አንድ ማታ አባዬ ዳዊቱን አጥፎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ባቡሩ እኮ እዚህ የመጣው ሐረር መግባት አቅቶት ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታቀደው ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ታች ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ቦታውን «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። ምትክ መሆኑ ከስሙ ያስታውቃል። ዛሬ ለገሃሬ፣ ከዚራ፣ መጋላ የምንለው ሁሉ የመጣው ያልተሳካ ዕቅድን ተከትሎ ነው። ሐዲዱም እዚህ ደርሶ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 14 ዓመት ፈጅቷል። «ዓላማዬ አንዴ አመለጠኝ፣ አበቃልኝ» የሚለኝን የድሬ ልጅ የምቆጣው ለዚህ ነው። የቆምክበትን ከተማ እየው እንጂ! እኔም በመስከረሙ ፋርማሲ ተመዘገብኩ።

አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ነበረኝ። ጎበዝ፣ ትሑት፣ ጾሙን የማያጎድል። ተመርቆ ሦስት ዓመት «አቅጣጫ እየጠበቀ» ተቀመጠ። እናቱ አሸዋ ገበያ ሽንኩርት ይቸረችራሉ። አንድ ጠዋት እሳቸው ማዳበሪያውን በጀርባቸው አዝለው፣ እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ከኪዳን ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። «ዓላማህ እናትህ ጀርባ ላይ ነው ያለው፣ ሂድና ተቀበላቸው» አልኩት። ተቀየመኝ መሰለኝ፣ ሁለት እሁድ ቀረ። በሦስተኛው መጣ። ትከሻው ላይ ሸሚዙ በሽንኩርት ልጣጭ ተለውሷል። እኔ ምንም አላልኩም።

ምን ላድርግ ለሚል፣ እኔ የምለው ቀላል ነው። አጠገብህ ያለውን ሥራ ያዝ። አንድ ዓመት በትክክል ሥራው፤ ሰዓት አክብር፣ ሚዛን አታጭበርብር። በየወሩ ንስሐ አባትህን አግኝ። እናትህ፣ ጓደኛህ፣ አለቃህ «ይሄን ነገር አንተ ስትሠራው ያምርብሃል» የሚሉህን ጻፈው። ከዓመቱ በኋላ ና፣ ያኔ ስለ ጥሪ እናወራለን። እስካሁን የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ቁልቢ ተስያለሁ፣ የሚሆነውን እሱ ያሳየኛል።» ተሳል፣ እኔም እሳላለሁ። ታኅሣሥ 19 በእግራቸው ዳገቱን ከሚወጡት አንዷ ነኝ፣ እግሬ ያበጠበትም ዓመት አለ። ግን ስለት የውሳኔ ምትክ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። ወደ ዓድዋ ሲሄዱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ስለታቸውን እንደፈጸሙ ይነገራል። ልብ በሉ፤ ተስለው ሐረር አልተቀመጡም። ዘመቱ።

«እውነተኛ አማኝ አይከፋውም፣ አይጠራጠርም።» እዚህ ላይ ነጭ ጋውኔን ለብሼ ልናገር። ኤልያስ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ ተግሣጽ አልሰጠውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ አስተኛው፣ እንደገና አበላው። እንቅልፍ ካጣህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ መኖር ካስጠላህ ይሄ የእምነት ማነስ ነው ብለህ ብቻህን አትታገል። ለምታምነው ሰው ተናገር፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጠበል እየተጠመቅክ መድኃኒትህን መዋጥ ትችላለህ። ጠበል ጀመርኩ ብለው ክኒናቸውን በራሳቸው ያቆሙ፣ ከወር በኋላ ቤተሰብ ደግፎ ያመጣቸው ሰዎች አይቻለሁ። መድኃኒት ለማቆም የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

«ጠንካራ ክርስቲያን ለመሆን ከሙስሊም ጓደኞቼ መራቅ አለብኝ።» ይሄኛው አዲስ ነው፣ እሱም ከስልክ የመጣ ነው። እኔ ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። እኛ ቤት ሰርግ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ይታረዳል፣ የሚያርዱት ራሳቸው ናቸው፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። እነሱ ቤትም እንደዚያው። እነሱ የእኛን ሥጋ እንደማይበሉ፣ እኛም የእነሱን እንደማንበላ ማንም አልደበቀም፣ ማንም አልተቀየመም። የራሴን ማዕተብ በደንብ ያወቅኩት እዚያ ሁለት ድስት መሃል ቆሜ ነው። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ እናቴን እጇን ይዞ ወደ ጣሪያ የጎተታት የዚያ ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ይሄን ወሬ የሚያመጣብኝ ልጅ መጀመሪያ እናቴን ያናግር።

ልጁ፣ ባለፈው ሳምንት መስታወቱ ላይ የተደገፈው፣ ይሄን ሁሉ አልሰማም። ግማሹ ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ባጃጅ የሚያሠራው አጎቱ ነበር። «አቦ መምህርት፣ ልሂድ፣ ጎማ እንድቀይር ነው» ብሎ ሮጠ። ቀሪውን ሊጨርስ ከፈለገ ይምጣ። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ግን ዝግ ነን፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ።