«የእኛ ሥራ ሰዓት አይቆጠርበትም» ስለሚባለውና ስለ ሌሎች ስሕተቶች

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከዘመድም ከአዲስ ተቀጣሪም ተመሳሳይ የተሳሳቱ አመለካከቶችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አብዛኞቹን ሰምቶ ማለፍ ይቻላል፤ አንዱ ግን ወጣቶችን ጤናቸውንም ገንዘባቸውንም እያሳጣቸው ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ፕሮግራመር ማለት ስልክና ፕሪንተር ጠጋኝ ማለት አይደለም። «የሚከፈላቸው በዶላር ነው» የሚባለውም እኛን አይመለከትም፤ ደመወዛችን በብር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቅቆ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በዶላር የምንከፍለው የሰርቨር ኪራይ ናረ፤ ደመወዛችን ግን ባለበት ቆመ። «በሙከራ ጊዜ ደመወዝ የለም» የሚሉም አሉ፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ደመወዝም ይከፈልበታል።

ዋናው ስሕተት «የእኛ ሥራ ሰዓት አይቆጠርበትም፤ ደመወዙ ሁሉን ያጠቃልላል» የሚለው ነው። አለቆች ቢሉት አይገርመኝም፤ የሚያሳዝነኝ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች እንደ ጀግንነት ቆጥረው ሲደግሙት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው እንደ አስቸኳይ ሥራ ላሉ ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ከዚህ ውጭ ነው የሚል አንቀጽ አዋጁ ውስጥ የለም።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የሆነውን ልንገራችሁ። የአንድ ደንበኛችን የክፍያ ሲስተም ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ብቻ እንዳላት አድርጎ ተጽፎ ስለነበር፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስተኛዋ ቀን ስትመጣ መስከረም 1 ብሎ ቆጠራት፤ የዕለቱ ደረሰኞችም በሙሉ በአዲሱ ዓመት ቀን ታተሙ። ስሕተቱን ያገኘችው ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ባልደረባችን ነበረች። ከውጭ የመጣው ኮድ ስለ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የዚህን ሙያ ደስታ ያን ሌሊት በፊቷ ላይ አይቻለሁ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አርመን ስንወጣ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማ ነበር፤ ቄጤማ ሻጮችም መንገዱን ይዘውታል።

በወሩ መጨረሻ ግን ከመደበኛ ደመወዟ በላይ አንድ ብር አልተጨመረላትም። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «የተለመደ ነው» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ፤ ያን መልስ ዛሬም እጸጸትበታለሁ። የአስተዳደር ክፍሉ መልስ ደግሞ የተለየ ነበር፦ በቅጥር ደብዳቤዋ ላይ «የሞጁል ኃላፊ» (የሶፍትዌሩ የአንድ ክፍል ኃላፊ) የሚል መጠሪያ ስላለ የሥራ መሪ ናት፣ አዋጁም አይመለከታትም አላት። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰውን የሥራ መሪ የሚያደርገው የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን እንጂ ደብዳቤ ላይ የሰፈረ መጠሪያ አይደለም። እሷ አንድ ተለማማጅ እንኳ የመቅጠር ሥልጣን አልነበራትም።

ስለዚህ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ በሌሊት የተላከላችሁን የሥራ መልእክት አታጥፉ፤ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አቅርቡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍበታል። ባልደረባችን የዚያን ሌሊት መልእክቶች ከነሰዓታቸው አስቀምጣ ስለነበር ማመልከቻዋን ከእነሱ ጋር አያይዛ አስገባች፤ እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። ገንዘቡ የተከፈላት በጥር መጨረሻ፣ የይርጋው ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ወር ሲቀረው ነው።