የምክንያት ቀለበት ምንድን ነው?

የጊዜ ጉዞ ተከታታይ ፊልሞች በጅማ ወጣቶች ዘንድ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ መታየታቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ተማሪው ስለ ጊዜና ስለ ምክንያት በራሱ ፍላጎት ሲከራከር ከመስማት የሚበልጥ ነገር የለም። የሚያሳስበኝ «ፓራዶክስ» (እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር) የሚለው ቃል ሴራው የተወሳሰበበት ተመልካች ሁሉ በደራሲዎቹ ላይ የሚሰነዝረው ክስ እየሆነ መምጣቱ ነው። በቅርቡ አንድ ተንታኝ ስለ እነዚህ ፊልሞች ሲናገር፣ «በመጀመሪያው ዙር ይህን ማን አደረገው? መልስ የለም፤ ስለዚህ ታሪኩ ተሳስቷል» ብሎ ደመደመ። ይህን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ስሕተቱም ያለው ከታሪኩ ሳይሆን «በመጀመሪያው ዙር» ከሚለው ሐረግ ላይ ነው።

የምክንያት ቀለበት የሚባለው አንድ ክስተት፣ ራሱ ባስከተለው ሌላ ክስተት በኩል ዞሮ ለራሱ ምክንያት ሆኖ ሲገኝ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ማቅረብ የጀመረው «ዶክተር ሁ» የተባለ የጊዜ ጉዞ ተከታታይ ድራማ በ2007 ባሳየው «ብሊንክ» በተባለ ክፍል ውስጥ ግሩም ምሳሌ አለ። ወደ 1969 የተወረወረው ዶክተር የተባለው የጊዜ ተጓዥ ባለታሪክ በምስል ተቀርጾ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለምትኖር አንዲት ወጣት መልስ ይሰጣል፤ የሚያነብበው ግን የውይይታቸውን ግልባጭ ነው። ግልባጩ የተጻፈው እርሷ ከተቀረጸው ምስል ጋር ስትነጋገር ነው፤ ኋላም ገና ይህ ሁሉ ያልደረሰበትን ዶክተር አግኝታ ትሰጠዋለች። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው፤ የዶክተሩን ቃላት ግን ማንም አላሰባቸውም።

ይህ ከአያት ፓራዶክስ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ሰው ወደ ኋላ ተጉዞ አያቱን ወላጅ ከመሆኑ በፊት ከገደለ፣ ሰውዬው ተወልዷል፣ ደግሞም አልተወለደም ማለት ይሆናል፤ ይህ እርስ በርሱ የሚጣረስ ስለሆነ በየትኛውም ዓለም ሊፈጸም አይችልም። በምክንያት ቀለበት ውስጥ ግን «ሆነ» እና «አልሆነም» የተባለ አንድም ነገር የለም። የጎደለው መነሻ ነው። መነሻ ማጣትና መጣረስ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ልማዳችንን ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ሎጂክን ያፈርሳል።

ነገሩን በቡና ላስረዳ። በማና ወረዳ አንድ ገበሬ ከጓሮው ዛፍ አንዲት ቀይ እሸት ቡና ለቀመ እንበል። ፍሬዋን አንድ ተጓዥ ይዞ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደና ለገበሬው አባት ሰጠው፤ አባትየው ዘሩን አበቀለው፣ ችግኙን ከጓሮ ተከለው፣ ዛፉም አድጎ በሠላሳኛው ዓመት ልጁ ያቺን እሸት ለቀመበት። ፍሬዋ ከየት መጣች? ከዛፉ። ዛፉስ? ከፍሬዋ። ለተጠየቀው ሁሉ መልስ አለ፤ መልስ የሌለው «ሁሉም በአንድነት ከየት መጡ?» የሚለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ያ ተንታኝ «በመጀመሪያው ዙር ፍሬዋ ከከፋ ጫካ መጥታ መሆን አለበት» ይለኛል። ይህ አነጋገር ምን እንደሚያስከትል በጥንቃቄ እንመልከት። አባትየው በዚያ ዓመት የተከለው ከጫካ የመጣውን ፍሬ ከሆነ፣ ከልጁ ዛፍ የተለቀመውን አልተከለም። «በሁለተኛው ዙር ተከለ» ለማለት ደግሞ ያው ዓመት ሁለት ጊዜ ማለፍ ይኖርበታል። ነገር ግን ያ ዓመት ያለፈው አንድ ጊዜ ነው፤ አባትየውም የተከለው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ፍሬ ነው። ዙር የሚቆጥር ሰው ሳያስበው ከጊዜ ውጭ የቆመ ሌላ ጊዜ ፈጥሯል፤ በዚያ ሁለተኛ ጊዜ ውስጥ ነው የመጀመሪያው ጊዜ «እየተደጋገመ» የሚሄድለት። ታሪኩ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ጊዜ አለ ካላለ በቀር ተመልካቹ ከራሱ ጨምሮ በደራሲው ላይ ሊፈርድ አይገባውም። ለዚህ ስሕተት አንድ ምክንያት ፊልሙን የምናይበት ቅደም ተከተል ይመስለኛል፤ በሁለተኛው ክፍል ያየነውን ትዕይንት በስምንተኛው ክፍል በሌላ ሰው ዓይን እንደገና ስናየው፣ በእኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ስለታየ በታሪኩም ሁለት ጊዜ የሆነ ይመስለናል።

የቡናው ምሳሌ ከዚህም በላይ ያስተምራል። ከፍሬዋ ይልቅ የሚዞረው ሠሪ የሌለው የኪስ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይከብድ ነበር። ሰዓት ሠላሳ ዓመት ሲያገለግል ይጫጫራል፣ ይዝጋል፤ በቀለበቱ ውስጥ ግን ወደ ኋላ ሲሄድ የነበረው ሰዓትና እዚያ ሲደርስ የተገኘው ሰዓት አንድ ስለሆኑ፣ ያረጀው ሁሉ በሆነ መንገድ እየታደሰ ከመነሻው ጋር ልክ መግጠም አለበት። ነገሮች ያለ ውጭ እርዳታ እየተዘበራረቁ ይሄዳሉ የሚለው የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ ይህን በነጻ አይፈቅድም፤ ለማደሻ ከውጭ የሚገባ ኃይል ያስፈልጋል። ሎሴቭ እና ኖቪኮቭ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 እንዲህ ያሉ መነሻ አልባ ነገሮችን «ጂኒ» ብለው በሁለት ከፍለዋቸዋል፤ አንደኛው ዕቃው ራሱ የሚዞርበት፣ ሁለተኛው መረጃ ብቻ የሚዞርበት ነው። የቡናዋ ፍሬ ሁለተኛው ናት። ቁስ አካሏን ዛፉ ከአፈር፣ ከዝናብና ከአየር አዲስ አድርጎ ስለሚሠራው አታረጅም፤ የሚዞረው የዘር መረጃዋ ነው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ከሌላ ዛፍ ጋር መዳቀል ግድ አይሆንበትም፤ ሆኖም በዘሩ ላይ አንዲት ለውጥ እንኳ ብትገባ ቀለበቱ አይገጥምም።

ይህን የያዘ ተመልካች «ዳርክ» የተባለውን የጀርመን ተከታታይ ፊልም በሌላ ዓይን ያየዋል። (ያላያችሁት ካላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሦስት ምዕራፎች የቀረበው ይህ ታሪክ በየ33 ዓመቱ በተያያዙ ዘመናት መካከል ይመላለሳል፤ በውስጡም ሻርሎት የኤሊዛቤት እናት ስትሆን ኤሊዛቤት ደግሞ የሻርሎት እናት ናት። ብዙዎች «የማይሆን ነገር» ብለው የሚያልፉት ይህ ዝምድና ነው። ሁለቱም አባት ስላላቸው ከዘራቸው ከፊሉ መነሻው ይታወቃል። በሴሎቻችን ውስጥ በማይቶኮንድሪያ የሚገኘው ዲኤንኤ ግን ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ፣ ሻርሎት ከኤሊዛቤት፣ ኤሊዛቤትም ከሻርሎት ወርሰዋል፤ ሌላ ምንጭ ሊኖረው አይችልም። ይህ በታሪኩ ውስጥ ያለ ንጹሕ ሁለተኛው ዓይነት ጂኒ ነው፤ እኔ ከተከታታዩ ሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንን ነው።

ከሙያዬ ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። የሒሳብና የሎጂክ ሊቁ ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 ከአንስታይን እኩልታዎች ወደ ራሳቸው ያለፈ ጊዜ የሚመለሱ መንገዶች ያሉበት መፍትሔ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ያ መፍትሔ የሚገልጸው ግን ሁለንተናው የሚሽከረከር ዓለም ነው፣ የእኛ ዓለም እንዲህ እንደሚሽከረከር የሚያሳይ ምልከታም የለም። ስቲቨን ሆኪንግም በ1992 የተፈጥሮ ሕጎች እንዲህ ያሉ መንገዶች እንዳይፈጠሩ ይከለክላሉ የሚል ግምት አቅርቧል፤ ግምቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም። ሁለተኛው ማሳሰቢያ ይበልጥ ይገርማል። በትል ቀዳዳ (ሁለት የተራራቁ ቦታዎችን ወይም ጊዜያትን በአቋራጭ ያገናኛል ተብሎ በሚታሰብ መተላለፊያ) አልፋ ያለፈውን ራሷን የምትገጭ የቢሊያርድ ኳስ ጉዳይ በ1991 በአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ በኪፕ ቶርንና ባልደረቦቹ ሲመረመር፣ የማይጣረስ መፍትሔ ጠፋ አልተባለም፤ ለአንድ አነሣሥ እጅግ ብዙ የማይጣረሱ መፍትሔዎች ተገኙ። ስለዚህ ፊዚክስን በእውነት የሚያስጨንቀው መጣረስ ሳይሆን፣ ከእነዚያ መፍትሔዎች የትኛው እንደሚፈጸም አስቀድሞ ለመናገር አለመቻሉ ነው።

«ታዲያ ባለታሪኩ የሚሆነውን እያወቀ ለምን አልቀየረውም?» የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ግራ መጋባት የሚወለድ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳስረዳው፣ እጁን የሚይዝ ምሥጢራዊ ኃይል አያስፈልግም፤ የማይሳካለት በተለመደ ምክንያት ነው፤ ጥይቱ ይስታል፣ እግሩ ይንሸራተታል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ያለፈውን መለወጥ አልቻለም ማለት ባለፈው ውስጥ ምንም አልሠራም ማለት አይደለም፤ የሠራው ቀድሞም ከሆነው ውስጥ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ታሪክ ተመልካቹ የሚደሰተው ባለታሪኩ ያመልጥ ይሆን ብሎ በመጠበቅ አይደለም፤ ለማምለጥ ያደረገው እያንዳንዱ ነገር የታወቀውን ፍጻሜ እንዴት እንደሚገነባ በመከታተል ነው።

ትክክለኛ ወቀሳ የለም አልልም። አንድ ታሪክ እስከ አጋማሹ ያለፈው አይለወጥም ብሎ ከሄደ በኋላ፣ ባለታሪክ ለማዳን ሲል ብቻ ያለ ማብራሪያ ቢለውጠው ተመልካቹ ሊቆጣ ይገባዋል። «ዳርክ» በሦስተኛው ምዕራፍ ከቀለበቱ መውጫ ሲከፍት፣ በታሪኩ ዓለም በምትጠፋበት ቅጽበት ጊዜ እንደሚቆምና የምክንያት ሰንሰለት እንደሚበጠስ በባለታሪኮቹ አፍ ይናገራል፤ ያ ማብራሪያ ከፊዚክስ ይልቅ ለታሪኩ የሚያመች መሆኑን አምናለሁ፣ ከሁለቱ ቀዳሚ ምዕራፎች ጥብቅነትም ያንሳል። ይህን አንሥቶ የሚከራከር ተመልካች ቢመጣ ሙሉ ቀን አብሬው እቀመጣለሁ። የሻርሎትን መወለድ ግን ከዚህ ጋር ደምሮ «ፓራዶክስ ነው» የሚለኝ፣ በቅድሚያ የትኛው ክስተት ሆነም አልሆነምም እንደተባለ ለይቶ ያሳየኝ።