የጽዋ ማኅበር እንዴት ይጠጣል?

የጽዋ ማኅበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ በየወሩ የሚደረግ የጸሎትና የማዕድ ጉባኤ ነው። የሚጠጣው በአንድ ቅዱስ፣ በእመቤታችን ወይም በመድኃኔዓለም ስም ነው። ቦታው የአባላቱ ቤት፣ አዘጋጁ ደግሞ ተረኛው ነው። «የሚካኤል ማኅበር እጠጣለሁ» ያለ ሰው በየወሩ በ12 የት እንደሚገኝ መጠየቅ አያስፈልግም።

ቀኖቹን ሁሉም ያውቃቸዋል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። አባላቱ 12 ከሆኑ ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነች ሚካኤልም ማርያምም አይደርሱባትም፤ ሒሳቡ አይዛባም። የወንዶች ብቻ፣ የሴቶች ብቻ ወይም የተቀላቀለ ማኅበር አለ።

መሠረቱ ዝክር ነው። በየገድሉና በየድርሳኑ የቅዱሱን መታሰቢያ ላደረገ፣ በስሙ ለተራበ ላበላና ለተጠማ ላጠጣ የተሰጠ ቃል ኪዳን ይነበባል። አባቶች ሲያስተምሩ ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 42ን ይጠቅሳሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም የሚለውን።

በዕለቱ ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ድፎውን ጋግሮ፣ ወጡን ሠርቶ ይጠብቃል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ጾም ከገባ፣ ማዕዱ ሽሮና ምስር ነው። ሰዓቱም ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል። ቄሱ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ አባል የንስሐ አባት ናቸው። ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ከዚያ ከተአምረ ማርያም ወይም ከዕለቱ ቅዱስ ድርሳን ይነበባል። በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ተገልጦ ሁሉም በየተራው ይቀምሳል። ሥርዓቱን የሚመራው ሙሴ ይባላል፤ ማን ቀረ፣ ማን ታመመ፣ ቀጣዩ ተረኛ ማነው የሚለው ሁሉ የእሱ ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ቀጣዩ ተረኛ ተነሥቶ ጽዋውን ይረከባል። «የዛሬ ወር በሰላም ያድርሰን» ይባላል፣ እልልታውም ይቀልጣል። በየሰፈሩ ትንሽ ትንሽ ልዩነት አለ፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

እንደ እኔ አብዛኛው ምእመን ሃይማኖቱን የተማረው ከዐውደ ምሕረት ስብከት ይልቅ እዚህ ነው። የቅዳሴው ብዙ ክፍል በግዕዝ ነው። ማኅበር ላይ ግን ቄሱ በአማርኛ ያስረዳሉ፣ ይጠየቃሉም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ጠላ ይዞ ሲቀመጥ አፉ ይፈታል። ስለ ጾም፣ ስለ ክርስትና ልጅ፣ ስለ ቁርባን ይጠይቃል። ልጆችም ዳቦ እየጠበቁ ተአምሩን ይሰማሉ። ማንበብ የማይችሉ አያቶች የቅዱሳንን ታሪክ በቃላቸው የሚያወርዱት በዚህ መንገድ ሰምተው ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር ዕርቅ ነው። የተኳረፉ ማኅበርተኞች ከአንድ ጽዋ እንዴት ይቀምሳሉ? ስለዚህ ሙሴውና ቄሱ ይገባሉ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ይጠይቃል። አንዳንዴ ነገሩ ሳያልቅ ይመሻል። ኀዘንና ሠርግ ሲመጣ ደግሞ ማኅበርተኛ ከዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። ሆኖም ይህ ዕድር አይደለም፤ ዕድር ጎረቤቱን ሃይማኖት ሳይለይ ያቅፋል። ዕቁብ ደግሞ የገንዘብ ነው። የጽዋ ማኅበር ቅርብ ዘመድ ሰንበቴ ነው። እሱ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ግቢ ይደረጋል፣ ነዳያንም ይበሉበታል።

ነቀፋው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የጽዋ ማኅበር ድሃ የሚዘከርበት መሆን ሲገባው ብዙ ቦታ ወዳጅ ወዳጁን የሚጋብዝበት ሆኗል። ጠላው በቢራ፣ ቢራው በውስኪ ይተካል። ባለፈው ወር በግ ከታረደ የዚህ ወር ተረኛ ተበድሮም ቢሆን ያርዳል። ሰባክያን ይህን ይገሥጻሉ፤ እውነታቸውን ነው። ንባቡ በ5 ደቂቃ ተጠናቆ ድግሱ እስከ ማታ ከዘለቀ ቅዱሱ ስሙን ብቻ አዋሰ ማለት ነው። አንዳንድ ማኅበሮች ግን ልክ ማበጀት ጀምረዋል፦ አንድ ዓይነት ወጥ፣ ጠላና ዳቦ፣ የተረፈው ገንዘብ ለተቸገረ።

የከተማ ኑሮ ቀኑንም አንቀሳቅሶታል። ሥራ ስላለ ማክሰኞ የዋለው ሚካኤል ወደ እሑድ ይገፋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ማኅበርተኞችም እንዲሁ ቅዳሜና እሑድን ይመርጣሉ። ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፣ ድፎውም ኦቨን ውስጥ ይበስላል። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ እኅቶች ደግሞ የዕረፍት ቀናቸው ሲገጥም ተጠራርተው፣ ቄስ ባይኖርም መዝሙርና ጸሎት አድርሰው ይለያያሉ።

አዲስ ሰው መግባት ሲፈልግ የሚያውቀው አባል ያስጠራዋል፣ ማኅበርተኛውም ይስማማል። በብዙ ቤት ግን ቦታው ይወረሳል። እናት ስታርፍ ልጇ ጽዋውን ትረከባለች፤ ባትችል ማኅበሩ ሌላ ይተካል።