ብርሃን የናኖ ቅንጣቶችን ስለሚያንቀሳቅስበት መንገድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ ለሚማሩ ወጣቶች፣ እንደ ግራፊን ካሉ ባለ ሁለት ልኬት (ውፍረታቸው የአንድ ወይም የጥቂት አቶሞች ብቻ በሆነ) ቁሶች የሚሠሩ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በብርሃን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ስነግራቸው፣ ጥያቄዎቻቸው ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት ግምቶች ይነሣሉ።

«ብርሃን ክብደት ስለሌለው ምንም ነገር መግፋት አይችልም።» ብርሃን መጠነ ቁስ ባይኖረውም ሞመንተም (ሲያርፍ ለሌላ አካል የሚያስተላልፈው የእንቅስቃሴ መጠን) አለው፤ ስለዚህ ያረፈበትን አካል ይገፋል። በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አጠገብ አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ቢዘረጋ፣ ጠራራ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የሚያሳድረው ኃይል ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ይህ ለእኛ ኢምንት ነው፤ ዲያሜትሩ 100 ናኖ ሜትር ለሆነ የወርቅ ቅንጣት ግን አንድ ፒኮኒውተን (የአንድ ኒውተን ትሪሊዮንኛ) ኃይል እንኳ የራሱን ክብደት 10,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

«ብርሃን ወደፊት ብቻ ይገፋል።» ይህኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። አርተር አሽኪን እና ባልደረቦቻቸው በ1986 እ.ኤ.አ. በሌንስ ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ያተኮረ የሌዘር ጨረር ቅንጣትን ወደዚያው ነጥብ ስቦ መያዝ እንደሚችል አሳይተዋል፤ አሽኪን በ2018 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ናቸው። የብርሃኑ ኤሌክትሪክ መስክ የቅንጣቱን ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ የመስኩን ምት ተከትለው ከተወዛወዙ ቅንጣቱ ብርሃኑ ወደሚበረታበት ይሳባል፣ በተቃራኒው ከተወዛወዙ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ነፃ ኤሌክትሮኖቹ በብርሃን በጋራ የሚወዛወዙ (ይህ የጋራ ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል) ፕላዝሞናዊ ቅንጣት፣ ኤሌክትሮኖቹ አብዝተው የሚወዛወዙበት የራሱ የሞገድ ርዝመት (ሬዞናንስ) ስላለው፣ የሌዘሩ ሞገድ ከዚያ ሲረዝም መሳብ፣ ሲያጥር መገፋት ይከተላል። ጉልበት ሳይጨመር የብርሃኑን ቀለም በመለወጥ ብቻ አቅጣጫውን መገልበጥ መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ውበት ነው።

«ፕላዝሞን የወርቅና የብር ጉዳይ ነው።» ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ሲሆን፣ የነፃ ኤሌክትሮኖቹ ብዛት በኬሚካል ወይም በቮልቴጅ ሊጨመርና ሊቀነስ ስለሚችል፣ ቅርጹን ሳይነኩ ሬዞናንሱን ማዛወር ይቻላል። ወርቅ ይህን ያህል አይታዘዝም። ይሁንና የግራፊን ፕላዝሞን በአብዛኛው የሚገኘው ሞገዳቸው ከሚታየው ብርሃን በሚረዝም በኢንፍራሬድና በቴራኸርዝ ክልል ስለሆነ፣ በአረንጓዴ ሌዘር እሱን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ባለ ሁለት ልኬት የሆነ ሁሉ ፕላዝሞናዊ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ ለምሳሌ ቦሮን ናይትራይድ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ነው።

«ቅንጣቱ ካመለጠ ሌዘሩን ማጠንከር ይበቃል።» በሬዞናንሱ ላይ ቅንጣቱ ብርሃኑን አብዝቶ ስለሚውጥ ይሞቃል፣ በዙሪያው ያለው ውኃም ይንቀሳቀሳል፤ የተዋጠው ብርሃን ራሱ ደግሞ ቅንጣቱን ወደፊት እየገፋ ከወጥመዱ ያስወጣዋል። ስለዚህ አጥብቆ ለመያዝ የሚመረጠው ከሬዞናንሱ ራቅ ያለ፣ ሞገዱ የረዘመ ብርሃን ነው።