ስለ አሜሪካ ሆስፒታል ቢልና ስለ ሜዲኬይድ ለውጡ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

አሜሪካ ያለን አበሾች ስለ ሆስፒታል ክፍያ የምንሰማው አብዛኛው ነገር ሰው ለሰው ሲቀባበለው የመጣ ወሬ ነው፣ ጁላይ 2025 ላይ ትራምፕ የፈረመው፣ ሜዲኬይድን ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ የቀነሰው ትልቁ የበጀት ሕግ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ወሬ ፈርቶ ሕክምና የሚሸሽ ሰው ስላለ ነው ይሄን የምጽፈው።

«ኢንሹራንስ ከሌለህ ኢመርጀንሲም ይመልሱሃል» የሚባለው ውሸት ነው። ከ1986 ጀምሮ ባለው ፌደራል ሕግ ኢመርጀንሲ የመጣን ሰው ወረቀት ኖረው አልኖረው፣ ብር ኖረው አልኖረው፣ መርምረው እስኪረጋጋ ማከም ግዴታቸው ነው። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ቢሉ በኋላ ይመጣል።

«ቢል ከመጣማ አለቀ፣ ወይ ትከፍላለህ ወይ ክሬዲትህ ይበላሻል።» እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም መክፈል የማይገባውን ቢል በክሬዲት ካርድ የሚከፍል ሰው አለ። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ነን ፕሮፊት ናቸው፣ የገቢ ግብር አይከፍሉም፣ በምትኩ ኦባማኬር በሚባለው የ2010ሩ የጤና ሕግ መሰረት ፋይናንሺያል አሲስታንስ የሚባል፣ መክፈል ለማይችል ሰው ቢሉን የሚቀንስ ወይ የሚሰርዝ፣ በጽሁፍ የተቀመጠ ፖሊሲ ሊኖራቸው ግድ ነው። ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ቢሉ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢ እጅ ከገባም በኋላ ጊዜው ካላለፈ ማመልከቻውን መቀበል አለባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ደግሞ ክስም መመስረት ለክሬዲት ቢሮም ሪፖርት ማድረግ አይችሉም። ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ የስቴቱ ሕግ ከዚህም ይሻላል፣ ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ 200 ፐርሰንት ካልበለጠ ሆስፒታሉ አስፈላጊውን ሕክምና በነፃ መስጠት አለበት፣ በ2025 ስሌት ለ4 ሰው ቤተሰብ ይሄ በዓመት 64,300 ዶላር ማለት ነው! ስንቱ ሰራተኛ ቤተሰብ እዚህ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

«የሜዲኬይድ ቅነሳው ሥራ የማይሰራውን ብቻ ነው የሚነካው።» አይደለም፣ የሚሰራውም ወረቀት ካላሟላ ይወጣል። ገቢያቸው ዝቅ ያለ አዋቂዎችን እንዲጨምር በኦባማኬር በተስፋፋው ሜዲኬይድ ውስጥ ያሉ ከ19 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ሰዎች ቢዘገይ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መስራታቸውን፣ መማራቸውን ወይ በጎ ፈቃድ ማገልገላቸውን ማሳየት አለባቸው፣ እድሳቱም በዓመት መሆኑ ቀርቶ በየ6 ወሩ ይሆናል። ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከዚህ የሥራ ግዴታ ነፃ ነው፣ ነፍሰ ጡርም እንደዛው። አርካንሳስ በ2018 ተመሳሳይ ነገር ሞክራ በጥቂት ወራት ከ18,000 በላይ ሰው ነው ሜዲኬይዱን ያጣው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሪፖርት ስላላደረጉ ነው።

«ግሪን ካርድ ያለውም ከሜዲኬይድ ተቆረጠ» የሚሉም አሉ፣ አልተቆረጠም፣ ብዙዎቹን 5 ዓመት የሚያስጠብቀው የቆየው ደንብ እንዳለ ሆኖ ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ከኦክቶበር 1 2026 ጀምሮ የሚጎዱት ግሪን ካርድ ገና ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ናቸው፣ ይሄ በእውነት ልብ ይሰብራል፣ ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ውስጥ ናቸው። ግሪን ካርድ ለማመልከት ጊዜው የደረሰላችሁ አታዘግዩት።

«እኔ የሥራ ኢንሹራንስ ስላለኝ አይመለከተኝም» የሚለውም አያስኬድም። ስቴቶች ሜዲኬይድን ከሚደጉሙበት አንዱ ሆስፒታሎች ላይ የሚጥሉት ታክስ ነው፣ አዲሱ ሕግ ሜዲኬይድ ባስፋፉ ስቴቶች የዚህን ታክስ ጣሪያ ከ6 ፐርሰንት ከ2028 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 3.5 ያወርደዋል። ገንዘብ ያጠረው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው። ለገጠር የተመደበው የ50 ቢሊዮን ዶላር ፈንድ አለ፣ ግን ለ5 ዓመት ብቻ ነው።

«ብንጮህም የሚሰማን የለም።» በ2010ሩ የኦባማኬር ሕግ ድሃ ታካሚ ለሚበዛባቸው ሆስፒታሎች የሚሰጠው ድጎማ ከ2014 ጀምሮ ሊቀነስ ነበር፣ ሆስፒታሎቹ በየጊዜው ኮንግረስን ስለወተወቱ ከ10 ጊዜ በላይ ተራዝሟል። እኛ ደግሞ ለስቴት ተወካዮቻችን የምንጠይቀው የተለየ ነገር አለን። የ2025ቱ ሕግ ስቴቶች በእጃቸው ባለ የደሞዝ መረጃ ሥራን በራሳቸው እንዲያረጋግጡ ይላል፣ የኡበር ሾፌር ግን እዛ የደሞዝ መዝገብ ውስጥ የለም። በ80 ሰዓቱ ፈንታ በወር 580 ዶላር ገቢ ማሳየትም ይበቃል፣ ስለዚህ የኡበሩን የገቢ ሪፖርት በቀጥታ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ፎርሙስ በአማርኛ ይኖራል ወይ ብላችሁ ደውሉና ጠይቁ፣ ሥርዓቱ ገና እየተሰራ ባለበት ጊዜ።