በመተካት ዘዴ የተገኘው መግለጫ የት ይገባል?

ሁለት እኩልዮሾችን በመተካት ዘዴ ስንፈታ ብዙዎችን የሚያደናግረው፣ ከአንደኛው እኩልዮሽ ያገኘነውን መግለጫ የት እንደምናስገባው ነው። ሀ + ለ = 7 እና 2ሀ − ለ = 5 ቢሰጡን፣ ከመጀመሪያው ለ = 7 − ሀ እናገኛለን፤ ይህን መልሰን እዚያው ብናስገባው ግን የሚወጣልን 7 = 7 ብቻ ነው፤ ስህተት ባይሆንም አዲስ ነገር አይነግረንም። ስለዚህ የግድ ወደ ሁለተኛው መግባት አለበት፦ 2ሀ − (7 − ሀ) = 5። ቅንፉ እንዳይዘነጋ፤ የመቀነስ ምልክቱ በውስጡ ላሉት ለሁለቱም ስለሚደርስ 2ሀ − 7 + ሀ = 5 ይሆናል፤ ከዚያም 3ሀ = 12፣ ሀ = 4፣ ለ = 3። ከየትኛው እኩልዮሽ ወይም ከየትኛው ፊደል እንጀምር ለሚለው ግን የተወሰነ ሕግ የለም፤ እኔ አባዢ ቁጥር የሌለውን ፊደል እመርጣለሁ፣ ክፍልፋይ አያመጣምና።