ለማራቶን ሲዘጋጁ ረጅሙ የልምምድ ሩጫ ስንት ኪሎ ሜትር ይሁን?

ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሙሉውን ርቀት በልምምድ ቀድሞ መሮጥ ግድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ግድ አይደለም። አብዛኞቹ የልምምድ መርሐ ግብሮች ረጅሙን ሩጫ ከ29 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ያቆሙታል። በየቦታው የሚጠቀሰው 32 ደግሞ የተለየ ተአምር የለውም፤ 20 ማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር የሚመጣ ቁጥር ነው።

ከርቀቱ ይልቅ ሰዓቱን ማየት ይሻላል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው 32ቱን በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በ7 ደቂቃ ተኩል የሚሮጠው ግን 4 ሰዓት ሙሉ ይፈጅበታል። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ጥቅሙ እየሳሳ፣ የጡንቻና የጅማት ጉዳት ስጋቱ እየጨመረ ይሄዳል። ማገገሚያውም ስለሚረዝም የቀጣዩ ሳምንት ልምምድ ይበላሻል። ስለዚህ ዝግ ያለ ሯጭ ገና 28 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆንም እዚያው ያቁም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ረጅሙን ሩጫ በውድድር ፍጥነት መሮጥ ነው። በኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይዘግይ፤ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድንም እዚሁ ይለማመዱ፤ ያልለመደ ሆድ በውድድሩ ቀን ያውካል።

ርቀቱን በሳምንት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ይጨምሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ያድርጉ። የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ከውድድሩ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ይለቅ።